ደረጃውና ደላላዋ

የጥርስ ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ መልስ ሊሰጡት ከማይችሉ ሰዎች ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ታካሚው አፉ በጥጥና በብረት ተሞልቶ "እህ፣ እህ" ሲል፣ እሱ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያሻውን ይናገራል። ተቃውሞ የሚባል ነገር ከቶ ገጥሞት አያውቅም። ስለዚህ ከክሊኒኩ ሲወጣ የሚያገኛቸው ሰዎች አፋቸው ባዶ መሆኑና መልስ መስጠታቸው ሁልጊዜ ትንሽ ያስደነግጠው ነበር።

ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ የመጣው ከባለቤቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ልጆቹ ሁሉ ወጥተው የየራሳቸውን ጎጆ እንደቀለሱ፣ ቤቱም ለሁለት ሰው እንደሰፋ፣ ምድር ቤት ላይ ጠበብ ያለች አንዲት አፓርታማ ብትገኝ ጽዳቷም ወጪዋም እንደሚቀል ነገረችው። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው፤ ዓይኗን ከሸሚዙ አንገትጌ ላይ እንኳን አላነሳችም። እሱም "እንዳልሽ" አላት። አፉ እንዳልሽ ይበል እንጂ ልቡ የት እንደነበረ ያኔ ራሱም አያውቅም።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ፎቁን የጨመሩት ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ሲሆን፣ ከሳሎን ወደ ላይ የሚያወጣውን ደረጃ ንድፍ ያወጣው የጥርስ ሐኪሙ ራሱ ነበር። አናጢው ደረጃው ዘንበል እንዲል ከሳሎኑ ትንሽ ቦታ ይውሰድ ብሎ ቢለምነው፣ ቢለምነው፣ እሱ ከሳሎኑ አንዲት ጣት አልሰጥም አለ። ሌሊት ከቀን ወረቀት ላይ ሲያሰላ ከርሞ ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ ግን እጅግ የሚያምር ደረጃ አሠራ። እንጨቱ ጥቁር ቡናማ ነው፤ መደገፊያውን በገዛ እጁ በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ እንደ ሐር አለስልሶታል። አናጢው ሥራውን ጨርሶ መሣሪያውን ሲሰበስብ "ዶክተር፣ ይሄ መሰላል እንጂ ደረጃ አይደለም" ብሎት ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ ያንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።

እንግዲህ ቤቱ ሊሸጥ ተወሰነ። ባለቤቱ በሰፈሩ ግማሹን ቤት ያሻሻጠችውን ደላላ እንጥራ አለች። ይቺን ሴት ሰፈሩ ሁሉ "እሜቴ ቁልፍ" ይላታል፤ ቦርሳዋ ውስጥ የሚንኳኳው የቁልፍ ክምር እሷ ከመድረሷ በፊት መምጣቷን ስለሚያውጅ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ሳቀ። ክሊኒኩ ውስጥ አብሮት የሚሠራው የራጅ ባለሙያ መኪናውን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ገዢ እንዳገኘ ተረከላት። ደላላ ማለት በሁለት ሰዎች መሃል ገብቶ የሁለቱንም ኪስ የሚዳብስ ፍጡር እንደሆነ፣ ዘመኑም እንዳለፈበት አስረዳት።

"ዛሬ ስልክ በእጅ፣ ገዢ በደጅ ነው" አለ፣ በአባባሉ ራሱ እየተደሰተ።

ፎቶውን ያነሳው ራሱ ነው። ሳሎኑን አንድ ጊዜ፣ ወጥ ቤቱን አንድ ጊዜ አንስቶ፣ ደረጃውን ግን ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ በጠዋት ብርሃንና በማታ ብርሃን አነሳው። የመታጠቢያ ቤቱን ሲያነሳ መስታወት መኖሩን ዘነጋ፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ ሰማያዊ ፒጃማ የለበሰ፣ ፊቱን በስልክ የጋረደ፣ ሆዱ የወጣ ሰው ቆሞ ይታያል። ከፎቶዎቹ ሥር የጻፈው ማብራሪያ የሕክምና ሪፖርት እንጂ የሽያጭ ማስታወቂያ አይመስልም። "ጣሪያው በጓሮው ማዕዘን የቆየ የእርጥበት ምልክት ይታይበታል፤ ለጊዜው አያሠጋም፤ ክትትል ያስፈልገዋል" ይላል። ማስታወቂያው ኢንተርኔት ላይ ገና ከመውጣቱ አንዱ ተንኮለኛ ከሥሩ "ባለ ፒጃማው አብሮ ይሸጣል ወይስ ለብቻው ነው?" ብሎ ጻፈበት። ባለቤቱ ይህንን ስታነብ የሳቀችው ሳቅ ከወጥ ቤት እስከ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

ገዢው ግን እውነትም በደጅ ሆነ። ደጁ ላይ መሆኑ አላጠራጠረም፤ ገዢ መሆኑ ነው ያጠራጠረው። አንድ ሰውዬ ከዝናብ ሊያመልጥ ገብቶ ሲያባራ ወጣ። ከፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤት ለዓመታት መጋረጃውን አልፎ ማየት ያልቻሉትን ሳሎን ለማየት፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ራሳቸውን እንደ እንግዳ አስተዋውቀው ገቡ። የተጫጩ ወጣቶች መጥተው ሶፋው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡና፣ እንደዚህ ዓይነት ቤት ቢኖራቸው ደስ እንደሚላቸው ተናግረው፣ ከልብ አመስግነው ሄዱ። የጥርስ ሐኪሙ ሁሉንም አስጎበኘ። ጉብኝቱ የሚጀምረው ከደረጃው ነው፤ እንጨቱን ያስነካቸዋል፤ መደገፊያውን ያስዳብሳቸዋል።

አንድ ነገር ግን ባለቤቱ ታዘበች። እንግዳው ቤቱን ካልወደደው ጉብኝቱ በሰላም ያልቃል። እንግዳው ቤቱን የወደደ እንደሆነ ግን ባሏ ፊቱ ይለዋወጥና የቤቱን ነውር መቁጠር ይጀምራል። የውሃው ቧንቧ በጠዋት እንደ ታማሚ እንደሚያቃስት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መኝታ ቤት ገብታ ሰው እንደምታቃጥል፣ የጎረቤት ውሻ ጥርስ እንደሌለው ግን ጩኸት እንዳላነሰው ያወራል። እንግዳው ወደ በሩ እያፈገፈገ ሲመጣ ፊቱ መልሶ ይፈታል። ባለቤቱ ለምን እንዲህ ይናገራል ብላ ስትጠይቀው፣ እሱ ሰው የሚያታልል ዓይነት እንዳልሆነ ኮራ ብሎ መለሰላት።

በመጨረሻ እውነተኛ ገዢ መጣች። የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የተናገረችውን ሰው ሁሉ ጽፎ እንዲይዝ የለመደች ዓይነት። ባሏም አብሯት መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ጓሮ ያለው የሎሚ ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ። ርዕሰ መምህርቷን ቧንቧውም፣ ፀሐይዋም፣ ጥርስ የለሹ ውሻም አላስደነገጧትም። ትምህርት ቤት ውስጥ ከዚያ የባሰ ጩኸት እንዳለ ነገረችው። የጥርስ ሐኪሙ የሚያወራው ነውር አለቀበት። ከዚያ ደረጃው ሥር ቆማ ወደ ላይ አየች።

"ቤቱን ወድጄዋለሁ" አለች። "ይሄንን ደረጃ ግን ዕቃዬን ሳላስገባ ነው የማፈርሰው። ሰው ይገድላል።"

የጥርስ ሐኪሙ ጆሮው ቀላ። "ይህ ደረጃ ለሚያውቅበት ነው የተሠራው፣ እመቤት።"

"የሚያውቅበት ማነው? ፍየል?"

ከዚያ በኋላ የተባባሉት ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ነው፤ ግን ጨዋ ቋንቋ አንዳንዴ ከስድብ ይብሳል። የጥርስ ሐኪሙ በሩን በእጁ ከፍቶ፣ ቤቱ ለእርስዎ አይሸጥም ብሎ ሸኛት። ባሏን ከሎሚው ሥር መጥራት ረስተው ነበር፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ሰውዬው ራሱ ይቅርታ እየጠየቀ በሳሎን በኩል አልፎ ወጣ። ባለቤቱ የወጥ ቤት ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን የዚያን ቀን ትንሽ የነቀዘ ይመስል ነበር።

በማግስቱ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ስልክ አነሳችና ለእሜቴ ቁልፍ ደወለች።

እሜቴ ቁልፍ ከቀጠሮዋ እጅግ ዘግይታ፣ ተረከዙ እንደ ሚስማር በሾለ ጫማ እየተውተረተረች መጣች። ወፍራም፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ፣ ስለ ራሷ ክፉ ነገር አስባ የማታውቅ ሴት ናት። የጥርስ ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወደ ደረጃው ሊመራት ሲል እጇን አንስታ አስቆመችው።

"ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ዶክተር፤ ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ። እርስዎንም መስታወቱ ውስጥ አይቼዎታለሁ።"

እሱም ሳይሸነፍ፣ ኢንተርኔቱ የማይሠራውን እሷ ምን እንደምትሠራለት ጠየቃት። እሜቴ ቁልፍን ጥያቄው ደስ አላት፤ ብዙ ሰው ላይ የተጠቀመችበት መልስ ሳይኖራት አልቀረም።

"ኢንተርኔት ገዢውን እደጅዎ ድረስ ያመጣልዎታል። እኔ የምሠራው ከደጅዎ ወዲህ ያለውን ነው።"

ከዚያም የውሃ ቆጣሪው ንባብ ያስፈልገኛል ብላ ወደ ውጭ ላከችው። ቆጣሪው በሣር ተሸፍኖ ስለነበር ሲፈልግ፣ ሲያጸዳ፣ ሲያነብ ቆየ። ቀና ሲል በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ሁለቱን ሴቶች አያቸው። እሜቴ ቁልፍ ሁለት ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አፏን ዘግታ ታዳምጣለች። የምታወራው ባለቤቱ ናት፤ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ይቺ ሴት እቤት ውስጥ ይህን ያህል ስታወራ ካያት ቆይቷል። ቁጥሩን ይዞ ሲገባ ሁለቱም ወሬያቸውን አቆሙ፤ እሜቴ ቁልፍም ቁጥሩን ሳትጽፈው ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ጉብኝት ደንብ ተለወጠ። እንግዳ ሲመጣ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ውስጥ እንዳይገኝ ተከለከለ። የት ልሂድ ቢል እሜቴ ቁልፍ የመኪናዋን በር ከፈተችለት። መኪናዋ ውስጥ ነጠላ ጫማ፣ ጃንጥላ፣ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ታፔላ፣ የከረሜላ ልጣጭና ሦስት ዓይነት ሽቶ አለ። በገዛ ቤቱ ደጅ፣ ታፔላ ታቅፎ፣ ሰዎች ገብተው ሲወጡ እያየ መቀመጥ ክብሩን ነካው። ጎረቤቱ፣ እኒያ ባርኔጣ ደፍተው የገቡት፣ አልፈው ሲሄዱ በአዘኔታ ሰላም አሉት፤ ከቤት የተባረረ መስሏቸዋል።

አንድ ቀን ባልና ሚስት አይተው ሲወጡ በመኪናው አጠገብ አለፉ። ሴትዮዋ "ወጥ ቤቱ መቃብር ይመስላል" ስትል በጆሮው ሰማ። እሜቴ ቁልፍ መጥታ መሪው ጋ ከተቀመጠች በኋላ ምን እንዳሉ ጠየቃት።

"ወጥ ቤቱ ጸጥታ አለው ብለዋል።"

"መቃብር ይመስላል ነው ያሉት፤ ሰምቻቸዋለሁ።"

"ታዲያ መቃብር ጸጥታ የለውም?"

የጥርስ ሐኪሙ ይህ ውሸት ነው ብሎ ተቆጣ። እሜቴ ቁልፍ አልተከፋችም። ውሸት ማለት ጣሪያው እያፈሰሰ አያፈስም ማለት እንደሆነ፣ እሱን እሷ እንደማትነካው፣ ስለ ጣሪያው ለመጣው ሁሉ በግልጽ እንደምትናገር አስረዳችው። ሰው በሰው ወጥ ቤት ላይ የሚወረውረውን ነገር ግን ለባለ ወጥ ቤቱ እንዳለ ማድረስ የፖስታ ቤት ሥራ እንጂ የደላላ ሥራ አይደለም አለች። ከዚያም ከረሜላ ጋበዘችው። የጥርስ ሐኪሞች ከረሜላ አይበሉም፤ እሱ ግን ከንዴቱ ብዛት ተቀብሎ በላ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሲሰነብት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ነገሩን ለሚመጣው ዓመት ብናቆየውስ አላት። እሜቴ ቁልፍ ገና ያስነሳችውን ሞተር አጠፋችው።

"ዶክተር፣ እርስዎ ይሄን ቤት መሸጥ ይፈልጋሉ?"

"ባለቤቴ ትፈልጋለች።"

"እኔ የጠየቅኩት እርስዎን ነው።"

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ስንት ሰው በእሱ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ሲቸገር እያየ ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ወንበር ስሜት ቀመሰው።

እሜቴ ቁልፍ የፊት መስታወቱን እያየች አንገቷን ነቀነቀች። ባለቤቱ አንድ ነገር ለባሌ እንዳትነግሪ ብላ እንዳስማለቻት፣ እሷም መሐላ እንደማታፈርስ ገለጸችለት። "ግን መኪና ውስጥ ስሆን ለራሴ የማውራት ልማድ አለኝ" አለች። "ሰው አጠገቤ ካለ ጥፋቱ የሰውዬው ነው።"

ከዚያ ለራሷ ማውራት ጀመረች። ይቺ ሴት ጉልበቷ ካስቸገራት ከራርሟል አለች። ሐኪም ዘንድ የሄደችው ለብቻዋ ነው። ጠዋት ባሏ ሥራ ሲሄድ ጠብቃ፣ ያንን ደረጃ ቁጭ ብላ፣ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው የምትወርደው፤ ሽቅብ ደግሞ በእጅና በጉልበት። ባሏ እቤት ሲውል ጥርሷን ነክሳ በእግሯ ትወርድና ማታ ጉልበቷ ያብጣል። ለምን አልነገርሽውም ብትባል፣ ደረጃውን የሠራው እሱ ነው፣ ለመጣ ለሄደው የሚያሳየው እሱን ነው፣ "ደረጃህ ጎዳኝ" ከምለው "ቤቱ ሰፋን" ማለት ቀለለኝ አለች። ባሏ ደግሞ ቤቱን ማጣት አይፈልግም፤ ግን ለእሷ "እምቢ" ከማለት ገዢ ማባረር ቀለለው።

"ሁለቱም ደጎች ናቸው" አለች እሜቴ ቁልፍ ለፊት መስታወቱ። "በደግነት ሊገዳደሉ ነው።"

ሞተሩን አስነስታ፣ እደጁ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላት እንደገና አጠፋችው። የጥርስ ሐኪሙ ታፔላውን እንደታቀፈ ወርዶ እቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ለብሶ፣ "ሄድኩ" ብሎ ጮኾ፣ የውጭውን በር በኃይል ዘጋና ሳይወጣ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ያለው የኮት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። የክረምት ኮቶች አፍንጫው ላይ ተደፉበት፤ የእሳት ራት መድኃኒት ሽታ ሊያስነጥሰው ደረሰ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ድምፅ ሰማ።

ባለቤቱ የልብስ ቅርጫት ይዛ ደረጃው አናት ላይ ደረሰች። መደገፊያውን፣ እሱ በአሸዋ ወረቀት የፈተገውን መደገፊያ፣ አጥብቃ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቅርጫቱን አንድ እርከን ወደ ታች አስቀደመችው፤ ከዚያ ራሷ ተከተለችው። እንደገና ቅርጫቱ፣ እንደገና እሷ። እያንጎራጎረች ነበር፤ ነገሩ የለመደችው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። መሃል ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ጉልበቷን በሁለት እጇ እያሸች ወደ መስኮቱ አየች። የጥርስ ሐኪሙ ስንቱን ሰው ሲያለቅስ አይቶ አጽናንቷል፤ ኮቶቹ መሃል ቆሞ ግን የገዛ ራሱን ማጽናናት አቃተው። አፍንጫው ደግሞ የዚያን ሰዓት ካላስነጠስኩ አለ።

ባለቤቱ የቁም ሳጥኑን ማስነጠስ ሰማች። ተነስታ፣ የቀረውን ደረጃ ወርዳ፣ እያነከሰች መጥታ በሩን ከፈተችው።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ኮቴን እየፈለግሁ ነው።"

"ለብሰኸዋል እኮ።"

አየ፤ እውነትም ለብሶታል። ዓይኑ ቀልቶ ነበርና ባለቤቱ ነገሩ ወዲያው ገባት።

"እሜቴ ቁልፍ ነገረችህ።"

"አልነገረችኝም። ለራሷ ስትነግር ሰማኋት።"

ባለቤቱ መቆጣት ፈልጋ ነበር። ግን ከመደርደሪያው አንድ የሴት ባርኔጣ ባሏ አናት ላይ ወርዶ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱም አላወቀም። ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና ያን ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት አረፈደ። ምን እንደተባባሉ ሁሉ አይነገርም። እሱ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ጠየቃት፤ ለምን ዝም አልሽ? እሷም፣ አንተስ ቤቱን እንደምትወድ ለምን ዝም አልክ ብላ መለሰችለት። ከእርከኑ የተነሱት ቤቱ እንዲሸጥ ተስማምተው ነው።

ርዕሰ መምህርቷን እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ ሲል ባለቤቱና እሜቴ ቁልፍ በአንድ ድምፅ ከለከሉት። እሜቴ ቁልፍ ምን ብላ እንዳግባባቻት የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ርዕሰ መምህርቷ በሳምንቱ ባሏን ይዛ ተመልሳ መጣች። ባሏ ቀጥታ ወደ ሎሚው ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

የዋጋው ንግግር የተካሄደው በእሜቴ ቁልፍ አፍ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህርቷ "ይሄ ዋጋ ቀልድ ነው" ስትል፣ እሜቴ ቁልፍ ወደ መኪናው መጥታ "ዋጋውን ሰምተው ፈገግ ብለዋል" ትላለች። የጥርስ ሐኪሙ "ካልፈለገች ትተወው" ሲል፣ ገብታ "ተረጋግተው እንዲያስቡበት ይፈልጋሉ" ትላለች። በቤቱና በመኪናው መሃል በዚያ ጫማዋ ከመመላለሷ ብዛት፣ በመጨረሻ ጫማውን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር የምትሮጠው። የጣሪያውን ነገር ግን አላለሰለሰችም፤ አስቀድማ ክዳን ሠሪ አስጠርታ አስጠግናው ስለነበር የተጠገነውን ቦታ ርዕሰ መምህርቷን በመሰላል አውጥታ አሳየቻት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተስማሙ።

ውሉ የተፈረመው ሰው በሞላበት አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ወረፋ ሲጠብቁ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት በሚተያዩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ከፍየሉ ቀን ወዲህ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ርዕሰ መምህርቷ አንገቷን ሰበር አድርጋ በአዘኔታ ጠየቀችው።

"ጥርስዎ ተሻለዎት?"

የጥርስ ሐኪሙ ግራ ገባው። "የቱ ጥርሴ?" ሊል ሲል የእሜቴ ቁልፍ ሹል ተረከዝ እግሩ ላይ አረፈ። ያኔ ገባው፤ ያን ቀን እሱ ያንን ሁሉ የተናገረው ጥርሱን አሞት ነው ተብሎ ተነግሯታል። የጥርስ ሐኪም ጥርሱን አሞት። ለሙያው የሚያሳፍር፣ ለነገሩ ግን የሚመች ነበር።

"ተነቀለ" አለ።

"እኔም እኮ ጥርስ ሲያመኝ ሰው አላስጠጋም" አለች ርዕሰ መምህርቷ። ቀጥላም "ስለ ቤቱ ማወቅ የሚገባኝ ሌላ ነገር አለ?" ስትል ጠየቀች።

እሜቴ ቁልፍ ቁልፎቿን ጨበጠች። ባለቤቱ የባሏን እጅ ያዘች። የጥርስ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደረጃውን" አለ፣ "ዕቃዎን ሳያስገቡ ያፍርሱት። ከሳሎኑ ትንሽ ቦታ ይውሰዱና ዘንበል ያድርጉት። አናጢው ያኔም ነግሮኝ ነበር።"

እሜቴ ቁልፍ እንኳን የምታለሰልሰው ነገር አጣች። ርዕሰ መምህርቷ ትንሽ አሰበችና ደረጃውን ስታፈርስ መደገፊያውን ግን ለማስቀረት ማሰቧን ነገረችው፤ እንዲህ ያለ ልስላሴ የትም አላየሁም፣ ማን እንደሠራው ያውቃሉ? አለችው። እሱም እኔ ነኝ አለ። ስለ አሸዋ ወረቀት ቁጥርና ስለ ዘይቱ ዓይነት ሲያወሩ ስማቸው ተጠርቶ አልሰሙም፤ ጸሐፊዋ ሁለተኛ ጮኻ ጠራቻቸው።

አዲሷ ቤት ምድር ላይ ናት፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ። የገቡ ዕለት ዕቃ ጫኞቹ ካርቶኖቹን ሳሎኑ ውስጥ ከምረው ሄዱ። የጥርስ ሐኪሙ አንዱ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ባለቤቱ አንድ ብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት አለፈች። ተመለሰች። ፎጣ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ያለ ምንም ነገር ደግሞ ወደ በረንዳው ወጣችና ተመልሳ ገባች። ምን ጠፍቶብሽ ነው፣ ተነስቼ ልፈልግልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

"ምንም አልጠፋብኝም" አለች፣ እጇን ግድግዳው ላይ እንኳን ሳታሳርፍ እያለፈች። "በእግሬ እየሄድኩ ነው።"